ድንኳን የተተከለበት ግቢ

በቤት ኪራይ ጉድ ያልገጠመው የባሕር ዳር ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የእኔን ለሰው ስነግር ግን መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው "በይ ውሸትሽን ነው" ይሉኛል። ውሸት አይደለም። ምስክር ካስፈለገ የሽምብጥ ሰፈር እድርተኛ በሙሉ ነበረ። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚስቁብኝ ሴቶች አሉ። ይሳቁ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ስሜ ትርንጎ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ሙሉቀን አስተማሪ ነው። እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊና ቁጡ፣ እንዲሁ ተቻችለን እንኖራለን። ያን ጊዜ ከአንዲት ልጃችን ጋር ሰባታሚት ሰፈር፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበርን። ይበቃን ነበር። አባቴ እስኪታመሙ ድረስ።

አባቴ የቁንዝላ ሰው ናቸው። ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፉና ዓሣ ሲያጠምዱ ነው የኖሩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ጧት ከአልጋቸው ሊነሡ ሲሉ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ጎረቤት ደወለልኝ፤ የመኪናውን መንገድ እንደምታውቁት ነው፣ በጀልባ ይዘናቸው መጣን። ሐኪሙ "ስትሮክ ነው፤ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፣ ከከተማ አይራቁ" አለን። እግዜር ይመስገን፣ ውለው አድረው በከዘራ መራመድ ጀመሩ። አንደበታቸው ግን ተኮላተፈ። በዚያ በጣም ያፍሩ ነበር። የመንደሩ ጨዋታ አዋቂ የነበሩት ሰው እንግዳ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ ይመስላሉ።

የተኙት ደግሞ እኛው ክፍል ውስጥ፣ በመጋረጃ ተከልለው ነው። ሴት ልጃቸውና አማቻቸው ከሚተኙበት ክፍል! ማታ ሽንታቸው ቢመጣ እንኳ እኛን ላለመቀስቀስ እስኪነጋ ይዘውት ያድራሉ። አንድ ቀን እኔና እሳቸው ብቻ ስንሆን እጄን ያዙና ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ እንዲህ አሉኝ።

"ትርንጎ፣ እኔ በመጋረጃ አልኖርም። ቤት ካልተገኘ ወደ ቁንዝላ መልሽኝ። በእናትሽ ዐፅም!"

"እዚያ ማን ያይዎታል አባዬ?"

"ጣና ያየኛል።"

በእናቴ ዐፅም ከማሉ እንደማይመለሱ አውቃለሁ። ወደዚያ ከተመለሱ ደግሞ መድኃኒቱንም የሚያስታውሳቸው፣ ቢወድቁም የሚያነሣቸው እንደሌለ አውቃለሁ። በዚህ ላይ አከራያችን ልጁን ሊድር ስለሆነ ክፍሉን እንድንለቅ ነገረን። እንግዲህ ሁለት መኝታ ያለው፣ ደረጃ የሌለው፣ ሕክምናውም የማይርቅ ቤት ፍለጋ ተጀመረ።

ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ደረጃ ነው። ምድር ላይ ያለውን ደግሞ አከራዮቹ በጥያቄ ያደርቁኛል።

"ስንት ናችሁ?"

"አራት።"

"አራተኛው ማነው?"

"አባቴ ናቸው፤ ትንሽ አሟቸው..."

እዚህ ላይ ስደርስ ፊታቸው ይዘጋል። ትናንት ባዶ የነበረው ቤት ዛሬ "ተይዟል" ይባላል። አንዱ ብቻ እውነቱን ነገረኝ። "እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳኑ የት ይተከላል? ግቢዬን እያየሽው ነው፣ መላወሻ የለውም።" ደሜ ፈላ። "አባቴ ሊድኑ ነው እንጂ ሊሞቱ አይደለም የመጡት!" ብዬ በሩን አላትሜበት ወጣሁ።

ደላላችን ደሳለኝ እየሮጠ ተከተለኝ። "አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም! አባትሽን ለምን ታነሻቸዋለሽ? ከገባሽ በኋላ 'ሊጠይቁኝ መጡ' ትያለሽ፤ ከዚያ ይሰነብታሉ፣ አለቀ!"

"አባቴን እንደ ኮንትሮባንድ ላስገባቸው ነው? አላደርገውም!"

"እንግዲያስ ድንኳን ተከራይተሽ ኑሪ" አለኝ ተናዶ። ከንፈሩ ሟርተኛ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

ይኸው ደሳለኝ ነው ከቀናት በኋላ ወደ ሽምብጥ የወሰደኝ። ሽምብጥን ታውቁታላችሁ፤ ከተማው ከተማ ከመሆኑ በፊት የነበረ ሰፈር ነው። በጠባቧ መንገድ ገብተን አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ቆምን። መሀሉ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። ከዋርካው ወዲያ ረጅም የድሮ ቤት፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ባለ ሁለት ተካፋች እንጨት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ባለቤቲቱ ግማሹን ይኖሩበታል፤ ግማሹ፣ ሁለት መኝታና ሳሎኑ፣ የሚከራይ ነው። አንደኛውን መኝታ ቤት መስኮት ስከፍት ከአጥሩ በላይ ጣና ታየኝ። ታንኳዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ያኔ አባቴን እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጠው በሐሳቤ አየኋቸው፤ እንባዬ መጣ።

ባለቤቲቱ እማማ ታንጉት ከዘራቸውን ተመርኩዘው እያሳሉ መጡ። ሳላቸው የዋዛ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጠለቅ ብሎ ይመጣና መጨረሻ ላይ እንደ ፉጨት ይላል። አጠገባቸው ልጃቸው አዱኛ ቆሟል፤ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው። ፊቱ እንዳልወደደኝ ያስታውቃል።

"ስንት ናችሁ?" አሉኝ።

ደሳለኝ ጎኔን በክርኑ ጎሸመኝ። እኔ ደግሞ ትርንጎ ነኝ። "አራት ነን እማማ። እኔ፣ ባሌ፣ ልጄና አባቴ። አባቴ ሽማግሌ ናቸው። ስትሮክ መቷቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ይህን ሰምተው እምቢ የሚሉኝ ከሆነ አሁኑኑ ይበሉኝና ልሂድ፤ እግሬ አልቋል" አልሁ፣ አንዱንም ሳላስቀር።

ደሳለኝ ዓይኑን ጨፈነ። እማማ ታንጉት ሳላቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉ።

"ምን ብለው ነው እምቢ ያሉሽ?"

"ድንኳን የት ይተከላል ብለው።"

"ይህ ግቢ ድንኳን የማያውቅ መሰለሽ?" አሉኝ። "እዚህ ዋርካ ሥር ሠርግም ተደግሷል፣ ለቅሶም ተቀምጠናል። ግቢ ለምን ሆነና! ቅዳሜ ጧት አባትሽን ይዘሽ ነይ። ቃሌ ነው።"

አዱኛ ጣልቃ ገባ። "እማዬ፣ ያ ለቢሮ የሚፈልገው ሰውዬ እኮ..."

"እኔ ስሞት ለፈለግኸው ታከራየዋለህ። እስካለሁ ግን ቤቱ የእኔ ነው" አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ደግሞ ቶሎ ግቢ፤ በዚህ ሳል ቅዳሜን ማየቴንም እንጃ" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ተመልሶ ሳል ሆነ።

እንግዲህ ይህችን ንግግራቸውን ያዙልኝ። ቀብድ አልተቀበሉኝም፣ ውልም አልተጻፈም። በእጄ ያለው ቃላቸው ብቻ ነው፤ ቃሉም እስትንፋሳቸው እስካለች ድረስ ነው።

ዓርብ ማታ "ነገ ጧት እንመጣለን" ለማለት ስልክ ደወልሁላቸው። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልሁ፣ አይነሣም። "ተኝተው ይሆናል" አለ ሙሉቀን። እኔ ግን ያ ሳል ጆሮዬ ላይ እያቃጨለ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ጧት ልጄን ጎረቤት አስቀምጬ ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጫንን። ሾፌሩ ሰይድ የወረታ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ግን ችኩል፣ ሌላ ጭነት ይጠብቀዋል። ፍራሻችን በበር ሲወጣ የሙሽራው ጓደኞች የቀለም ባልዲ ይዘው በዚያው በር ገቡ። መመለሻ የለንም ማለት ነው። አባቴን ጋቢና፣ ከመስኮቱ በኩል አስቀመጥናቸው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ፂማቸውንም ተላጭተዋል። "ጣና የሚታይበት መስኮት አለው" ብያቸው ስለነበር እንደ ተማሪ በጧት ነው ተነሥተው የተሰናዱት።

ሽምብጥ ስንደርስ ሰይድ ቀስ ብሎ ቆመ። መንገዱ ዳር ወንዶች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ፀጥ ብለዋል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በቡድን በቡድን ይገባሉ። ቀና ብዬ አየሁ። ከእማማ ታንጉት አጥር በላይ፣ ዋርካው ሥር፣ የእድሩ ድንኳን ጫፍ ይታያል።

"አይ!" አልሁ። "አይ አይ አይ..."

"እህቴ፣ ዕቃውን የት ላውርደው?" አለ ሰይድ። ከዚያ እሱም ድንኳኑን አየውና ሞተሩን አጠፋ።

አሁን "ለምን አልጠየቅሽም?" ትሉኛላችሁ። ሙሉቀንም ይህንኑ ነው ያለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ "ማነው የሞተው?" ተብሎ ይጠየቃል? ለዚያውም ግቢው የእሳቸው፣ ድንኳኑ በዋርካቸው ሥር፣ ስልካቸው ማታ አልተነሣ፣ "ቅዳሜን ማየቴንም እንጃ" ያሉት በራሳቸው አፍ። ምኑ ይጠየቃል? በኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ቤት የደረሰች ሴት ደጅ ቆማ አታንሾካሹክም፤ ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ነው የምትገባ። እናቴ ያስተማረችኝ እንዲያ ነው። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ከመኪናው ወረድሁ። ሙሉቀን ከላይ፣ ከዕቃው መሀል፣ "ትርንጎ! ትርንጎ ቆይ እንጂ!" ይላል። ማን ሰምቶት!

ከበሩ ላይ ጀመርሁት።

"እማማ ታንጉት! እማማ ታንጉትዬ! ምነው እናቴ፣ ቅዳሜን ሳታዪ! ሁሉ በሩን ሲዘጋብኝ አባትሽን ይዘሽ ነይ ያልሽኝ! አንድ ቀን አይተሽኝ እንደ ልጅሽ ያመንሽኝ! አባቴን ይዤልሽ መጣሁ፣ ተነሽ! ተነሽና ግቡ በይን! አሁን ወዴት ልውሰዳቸው፣ ለማን ትተሽን ሄድሽ!"

ለማን እንዳለቀስሁ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ለእሳቸው ነው፣ ለቤቱ ነው፣ ወደ ቁንዝላ ሊመለሱ ለሆኑት አባቴ ነው፤ እናቴ ስትሞት ያላለቀስሁትም ሳይጨመርበት አልቀረም። ደረቴን እየደቃሁ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ልማድ ነውና በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች ቃሌን ሳያጣሩ አብረውኝ ተነሥተው አለቀሱ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ ባሰብኝ። "እንደ ቤትሽ ሆድሽ ሰፊ! ደግ ሰው አይበረክት!" እያልሁ መሀል ገባሁ።

ቀስ በቀስ ግን ለቅሶው ከኋላ በኩል መቀዝቀዝ ጀመረ። አንዷ ዝም አለች፣ ቀጥላ ሌላዋ። አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች፤ የምታጽናናኝ መስሎኝ አስለቅቄ ቀጠልሁ። በመጨረሻ እኔ ብቻ ቀረሁ። በዚያ ፀጥታ መሀል ነው የሰማሁት። ሁለት ጊዜ ጠለቅ ያለ ሳል፣ መጨረሻው እንደ ፉጨት።

ዞር አልሁ። እማማ ታንጉት ሰሌን ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቁጭ ብለዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "ለመሆኑ መቼ ነው የሞትሁት?"

በስመ አብ! እጄ ደረቴ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አንዲት ሴት አማተበች። ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሳቁን ሊውጠው ሲል አፈነውና በአፍንጫው ወጣ። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ከእማማ ታንጉት አጠገብ ጥቁር በጥቁር የለበሱ ባልቴት ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ለካ የሟች ሚስት እሳቸው ናቸው። የሞቱት ጎረቤታቸው ባሻ ወርቁ ኖረዋል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀብረው እማማ ታንጉት ማታ ለቅሶ ላይ ስለነበሩ ነው ስልኩ ያልተነሣው። የባሻ ግቢ ጠባብ ስለሆነ የእድሩ ድንኳን እማማ ታንጉት ዋርካ ሥር ተተከለ። "ይህ ግቢ ድንኳን የማያውቅ መሰለሽ" ሲሉኝ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ የሰፈሩ ሁሉ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው።

"ይቅር በሉኝ፣ እኔ... እኔ እኮ..." አልሁ። ቃል ጠፋኝ። እኔን ቃል ሲጠፋኝ አስቡት!

አዱኛ ከወንዶቹ በኩል ዘሎ መጣ። "ውጪ! እናቴን በቁማቸው ልትቀብሪያቸው ነው የመጣሽው? በሳል ላይ ሟርት! እንኳን ቤት፣ ደጃፉን አትረግጪም!" አንዲት አሮጊት ዘመድም "ደግ አይደለም፣ በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም፤ ጠበል ይረጭ" አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ ታንጉት ወደ ባሻ ሚስት ዞረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከሁሉም የገደለኝ እሱ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጋቢና ውስጥ፣ አባቴ አጠገብ ራሴን አገኘሁት።

"ሞቱ?" አሉኝ አባቴ።

"አልሞቱም!"

"ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"ስላልሞቱ ነው አባዬ!" ብዬ ባሰብኝ። እየተንሰቀሰቅሁ የሆነውን ነገርኋቸው። አባቴ ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ በደኅናው እጃቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉና፣ "በቃ ልጄ፣ አትድከሚ። ሾፌሩን ወደ ጀልባው ውሰደኝ በይው" አሉኝ።

ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኮታቸውን ቁልፍ በቁልፍ እያስተካከሉ ለመንገድ ተሰናዱ።

ሙሉቀን ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ በሩ ሄደ፤ አዱኛ በእጁ ከለከለው። ሰይድ ሰዓቱን ያያል። "እህቴ፣ አላህ ያውቃል አዝኛለሁ፤ ግን ወይ ላውርደው ወይ እንሂድ" አለኝ። የት ነው የሚወርደው? የት ነው የሚኬደው? የሰባታሚቱ ክፍላችን ቀለም እየተቀባ ነው። ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። ቁም ሳጥኔ፣ የስፌት መኪናዬ፣ የልጄ አልጋ፣ ሁሉም ጭነቱ ላይ ሆኖ ለቀስተኛው እየተመለከተው ያልፋል።

"ሂድ ወደ ጀልባው" ልለው አፌን ስከፍት የግቢው በር በሰፊው ተከፈተ። እማማ ታንጉት በከዘራቸው እየተንቀረፈፉ ወጡ። ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ፣ አዱኛ፣ ጠበል ይረጭ ያሉት አሮጊት፣ ምን አለፋችሁ፣ ግማሹ ድንኳን ተከትሏቸዋል።

"እማዬ፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም" ይላል አዱኛ። "ሟርት ነው እያልሁዎት!"

እማማ ታንጉት ቆሙ። "ሟርቱን ማነው የጀመረው? አንተ አይደለህም እንዴ እኔ ቁጭ ብዬ 'እናቴ ስታልፍ ላንተ ነው' ብለህ ለቢሮው ሰውዬ ቃል የገባህለት? ያልሰማሁ መሰለህ? እሷስ የሞትሁ መስሏት አለቀሰች። አንተ ግን መኖሬን እያወቅህ ነው ያከራየኸው!"

አዱኛ ከሰዉ ኋላ ፈቀቅ አለ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንቱ ለቅሶ ቤት ሄጄ አለቀስሁ" አሉ እማማ ታንጉት፣ አሁን ለሁሉም። "ስንት ጥሩ ነገር ይባላል! ባለቤቱ ግን አንዱንም አይሰማው። ባሻን እንኳ ትናንት እንዴት አድርገን አነሣናቸው፤ ምነው በሕይወት ሳሉ አንዱን በነገርናቸው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጨኝ አደረ። እኔ ዛሬ የራሴን በጆሮዬ ሰማሁ። ደግ ነበርሽ ተባልሁ። የወለድኋቸውም ብለውኝ አያውቁ።" ድምፃቸው ተሰበረና በሳል አሳበቡ። ቀጥለው ወደኔ፣ "ደግሞ ድምፅሽ ያምራል፤ ትንሽ ተቻኮልሽ እንጂ።"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ አፉን ያዘ። እኔ ከጋቢና ወርጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በከዘራቸው መለሱኝ።

"ተይ፣ እኔ ከሞት ስነሣ አንቺ ደግሞ መሬት አትውደቂብኝ" አሉና የጋቢናውን መስኮት ይዘው ወደ አባቴ ቀና አሉ። "ጌታው፣ እንደምን ዋሉ? የትርንጎ አባት እርስዎ ነዎት? አከራይዎ እኔ ነኝ። እንደሚያዩኝ አለሁ።"

አባቴ በእንግዳ ፊት ቃል ከተነፈሱ ስንት ጊዜያቸው! ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ፊታቸውን ወደ ሰይድ ሊያዞሩ ሲሉ መልሰው አቀኑት።

"እን... እንኳን... አልሞቱ" አሉ።

"እንኳን አብሮ አላስሞተን!" አሉ እማማ ታንጉት፣ መኮላተፉን ልብም ሳይሉት። "በሉ ይውረዱ፤ ቤትዎ ነው።"

አሮጊቷ "ለቅሶ ላይ ዕቃ ይገባል እንዴ?" ብለው ነበር። የሰማቸው የለም፤ የባሻ ሚስት ራሳቸው በር ድረስ ወጥተው "ይግቡ! ባሻ ቢኖር እሱ ነበር ፊት የሚሸከም" አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በፊልም ብታዩት አታምኑትም። ከጧት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እግራቸው የደነዘዘ ወንዶች ኮታቸውን አወለቁ። አልጋው፣ ሶፋው፣ የስፌት መኪናው በድንኳኑ መሀል ሲያልፍ ሴቶቹ እግራቸውን ይሰበስባሉ። አንድ ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ ገና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሳይል ፍራሽ አናቱ ላይ ተደረገለት። ሰይድ እንኳ ችኮላውን ረስቶ ቁም ሳጥኑን ከአዱኛ ጋር ተሸከመው። አዎ፣ ከአዱኛ ጋር። ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ግን መስታወቱ እንዳይሰበር ተጠንቅቆ ነበር።

አባቴን ወደ ክፍላቸው ላስገባ ስል አልገባም አሉ። "መጀመሪያ... ለቅሶ" አሉና በከዘራቸው ወደ ድንኳኑ አመሩ። ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። እኔ ሳሎን ውስጥ ዕቃ እየደረደርሁ አንድ ዓይኔ ከመስኮቱ አልተነቀለም። አንዱ ሽማግሌ "ጌታው፣ ከወዴት ነዎት?" አሏቸው። "ቁን... ዝላ" አሉ አባቴ። "ቁንዝላ! ባሻ ወርቁ እኮ ዓሣ ሊገዛ እዚያ ይመላለስ ነበር" አለ ሌላው። ወዲያው ወሬው ስለ ጣና ሆነ። ቆየት ብዬ ብመለስ አባቴ በደኅናው እጃቸው አየሩን እየቀዘፉ፣ ቃል እየጎተቱ፣ ጉማሬ ታንኳቸውን የገለበጠባቸውን ቀን ሲያወጉ አገኘኋቸው። ሽማግሎቹ ወደፊት ጎንበስ ብለው ይሰማሉ። ማንም አላቋረጣቸው፣ ማንም ቃሉን አልጨረሰላቸው። መጋረጃውን እጄ ላይ እንደያዝሁ ቁጭ ብዬ እንደገና አለቀስሁ። እፎይታ እንዲህ ያስለቅሳል ለካ!

ይህ ከሆነ ወዲህ ክረምት አልፎ በጋ መጥቷል። አባቴ ጣና በሚታይበት መስኮት ላይ ናቸው። እማማ ታንጉት ራሳቸው አስመዝግበው እድር አስገብተዋቸዋል፤ ያ "ድንኳኑ የት ይተከላል?" ያለኝ ሰውዬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ቦታ ተገኝቷል እለው ነበር፤ ብቻ አይቸኩል፣ አባቴ ለመሞት ጊዜ የላቸውም። ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ከሽማግሎቹ ጋር ወግ አለባቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤት ፍለጋ እግራችሁ ያለቀ፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የታመመ አባት፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ያረጀች እናት ካላችሁ ከበሩ ጀምራችሁ ተናገሩ። የሚዘጋው በር ይዘጋ። እኔን ያስገባኝ አባቴን አለመደበቄ ነው። እናንተም አከራዮች፣ ስንት ናችሁ ብላችሁ ስትጠይቁ አራተኛው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ደግሞ የምትወዱት ሰው ካለ ደግነቱን ዛሬ ንገሩት። ደረት ሳትመቱ መሆን ይችላል፤ እኔ ስለማልችልበት ነው።

እማማ ታንጉት ሳላቸው በሕክምና ተሽሏቸዋል፤ ቀልዳቸው ግን አልተሻላቸውም። ነጋ ሲል ግድግዳውን በከዘራቸው ቆርቆር ያደርጉና፣ "ትርንጎ! አለሁ! እንዳታለቅሽ!" ይላሉ። እኔም ከኩሽና ሆኜ "ይኑሩልኝ እማማ!" እላቸዋለሁ። የየዕለት ሰላምታችን ይህ ሆኗል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጧት ውኃ ልቀዳ ደጅ ወጥቼ ነበር። ግድግዳው ተቆረቆረ። "ትርንጎ! አለሁ!" አሉ እማማ ታንጉት። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ከጣናው መስኮት በኩል፣ ኮልተፍ ያለ ግን ግቢውን ሁሉ የሚሞላ የወንድ ድምፅ ቀደመኝ።

"እኔም አለሁ!"